ያነበበ ዐይን

ፕሎቭዲቭ በገባሁ በመጀመሪያው ወር፣
ፊደሉ ለዐይኔ ጌጥ ብቻ ነበር፤
እንደ ጥልፍ፣ እንደ ጥለት፣
ትርጉም ያላዘለ ውበት።
አንዱ ጠ ነው፣ ተገልብጦ እግሩን ወደ ሰማይ የሰቀለ፣
አንዱ የኛን ቀ ቁርጥ መስሎ ሌላ ድምፅ ያዘለ፣
አንዱ ባለ ስድስት እግር፣ ጢንዚዛ የመሰለ።
ዐይኑ ዐን ግን አወቅኳት፣ ዘመድ ከሰው መሃል እንዲለይ፤
«ኦ» ትላለች እዚያ አገር፣ እንደሚገረም ሰው ስታይ።

የላኩኝ ቲማቲም ማሸግ ተምሬ እንድመጣ ነበር፤
በጣሳ፣ በጠርሙስ፣ በጨው ውሃ፣ በስኳር።

ከድንጋይ ንጣፉ ዳገት፣ ከእንጨት ሰገነቱ ሥር፣
ስቶይና የምትባል ባልቴት ከታች ክፍል ትኖር ነበር።
ስኳር ልበደር ስወርድ አንገቷን ግራ ቀኝ ትወዘውዛለች፤
እምቢ አለችኝ ብዬ ስመለስ፣ ደረጃው ላይ ትከተለኛለች፣
ስኳሩን በፊንጃል ይዛ፣ በቋንቋዋ እያጉረመረመች።
ለካ እዚያ አገር ግራ ቀኝ እሺታ ነው፣ ላይ ታች እምቢታ፤
ማንም አልነገረኝም፤ አንገቴ ነው የተማረው፣ በቆይታ።

በሮቹ ላይ ደግሞ ፎቶ ያለበት ወረቀት ይለጠፍ ነበር፣
በዛፍ ግንድ፣ በመብራት እንጨት፣ በዳቦ ቤቱ መስኮት ዳር።
ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ፣ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት፣
አንድ ሳቂታ ወጣት፣ ጥርሱ ፍንጭት።
የሰፈሩ ጀግኖች ናቸው ብዬ፣ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ፣
በየጠዋቱ እጅ እየነሳሁ ሆንኩኝ የሁሉም ጓደኛ።

ማንበብ ሲመጣ አያንኳኳም።
መጋቢት ነው፤ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በረዶው ከጣራ ሲንጠባጠብ፣
ዐይኔ ራሱ፣ ሳላዘው፣ ጀመረ ማንበብ፦
«በሞት ከተለየን እነሆ አርባ ቀን።»
አርባ!
የኛው አርባ፣ የተዝካሩ፣
በሰው አገር ዛፍ ላይ በምስማር መመታቱ፣ መቸንከሩ።
ዞር ብዬ መንገዱን አየሁት፤ ያ ሁሉ ባልንጀራዬ፣
ከረባቱም፣ ሻሹም፣ ፍንጭቱም፣ ሙታን ነበሩ ለካ፣ ጌታዬ!

ፔንቼቭ የሚባል መምህር ነበረን፤ ጣሳ በጥፍሩ እየመታ፣
«የታሸገም ቀን አለው» ይለናል፣ «ይነፋል፣ ይፈነዳል አንድ ማታ።»
ስለ ፊደል ግን አልነገረንም።
እሱ ቀን የለውም፤
አንዴ ከገባ አይነፋም፣ አይጎመዝዝም፣ አይወጣም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ከፈተና ስመለስ አምሽቼ፣
በራችን ላይ ወረቀት አየሁ፤ ቆምኩኝ ቁልፌን አውጥቼ።
ፎቶው የድሮ ነው፤ ፀጉሯ ጥቁር፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣
ግራ ቀኝ የማይል አንገት፣ እሺም እምቢም ያላለ።

አላነብም አልኩኝ።
ዐይኔን አጥብቤ፣ ፊደሎቹን አባብዬ፣
ጥልፍ ሁኑ፣ ጥለት ሁኑ፣ እንደ ድሮው ጌጥ ሁኑ ብዬ፣
ያችን መስከረም ለመንኳት፣ ምንም ያላወቅሁባትን፣
ሙታንን ደህና አደራችሁ ያልሁባትን።
አልሆነም። ጢንዚዛው ጢንዚዛ፣ ጠውም ጠ አልሆን አለኝ፤
ምላሴ ከጥርሴ ጀርባ፣ አፌን ሳልከፍት፣ ስሟን አነበበልኝ።
በስሟ መካከል ደግሞ፣ ክብ፣ ጥቁር፣ ሽፋሽፍት የሌላት፣
ዐይኑ ዐ ነበረች። እጄን ሰደድኩ ልከድናት።
በመዳፌ ሸፈንኳት።
ከመዳፌ ሥር ታየኛለች።

በማግስቱ ፖስተኛው መጣ፣ ለስቶይና ደብዳቤ ይዞ፤
ወረቀቱን አየና ዝም አለ፣ ባርኔጣው እጁ ላይ ተይዞ።
«እውነት ነው?» አለኝ።
አንገቴን ግራ ቀኝ ወዘወዝኩት።
እሱ አዎን አነበበ፣ አማተበ፣ ዳገቱን ወረደ።
እኔ የትኛውን እንዳልኩ
እስከ ዛሬ አላውቅም።